ጓሮ ስንሠራ ቆዳችንን ከፀሐይ፣ ከቅጠል ፈሳሽና ከአፈር እንዴት እንጠብቅ?

የለገጣፎ ጓሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ጓሯችን ለገጣፎ ነው፤ 200 ካሬ ገደማ ይሆናል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እናለማለን። በዳር በዳሩ ጤና አዳምና ሴሌሪ አለ፣ አንድ የሎሚ ዛፍም አለች፣ የኋላው አጥር ቁልቋል ነው። ሥራው የሚሠራው ቅዳሜና እሁድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቆዳ ግን የተሟላ ነገር ስላላገኘሁ አራት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፦ ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል፣ ፊትና ማጅራት ግን ይጠቁራል፣ ከዚያም ይላጣል። የእናቴ ማድያትም እየጨመረ ነው። ለጥቁር ቆዳ የፀሐይ ክሬም የግድ ነው? ከሆነስ ምን ዓይነት፣ ምን ያህል?

ሁለተኛ፦ ዳር ዳሩ በተከረከመ ማግስት ወይም በሁለተኛው ቀን ክንድ ላይ ረጃጅም ቀይ መስመር ይወጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻም ጠቁሮ ይቀራል። ሳማ ነው እንዳንል ሳማ ወዲያውኑ ነው የሚለበልበው። ምንድን ነው?

ሦስተኛ፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው ጓንት ይሻላል? በበጋ እጃችን እየተሰነጠቀ ይደማል።

አራተኛ፦ የሚቆፍርልን ልጅ በባዶ እግሩ ነው የሚሠራው። ቦቲ ስንሰጠው «አፈሩን አልረግጥበትም፣ ይከብደኛል» ይላል። ዝም እንበለው ወይስ እንከራከረው?

ፋርማሲስቷ ከአያት

ወንድሜ፣ የፀሐዩን ነገር እኔ ልመልስልህ። የሚያሞቀንና ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር አንድ አይደለም። ሙቀት ይሰማናል፣ አልትራቫዮሌት ግን አይሰማም። አዲስ አበባ ዙሪያ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ፀሐይ ላይ ሰዓታት ይቆያል፣ ቆላ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ገና በግማሽ ሰዓት ወደ ጥላ ይመልሰው ነበር። ከፍታው ደግሞ ይጨምርበታል። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከምድር ወገብ ያለን ርቀትም 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በአልትራቫዮሌት መለኪያ ከ3 ጀምሮ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ከ11 በላይ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ እኛ ዘንድ ከ11 ማለፉ የተለመደ ነው። ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋልና የነሐሴ ዳመና አያዘናጋችሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ በአዲስ አበባ እንደ ወሩ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ይለያያል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ከ6 ሰዓት እኩል የራቁ ይምሰሉ እንጂ የ9 ሰዓቷ ፀሐይ ከ3 ሰዓቷ ትከፋለች። ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ከባድ ነው፤ ይህም በመጋቢት ከ3፡30 እስከ 9፡30 ማለት ነው። አሁን የምትሠሩበት ሰዓት የቀኑን ክፉ ክፍል በሞላ ጎደል ይሸፍናል። ከ12፡30 እስከ 3፡30 ብትሠሩና ቀሪውን ከ9፡30 በኋላ ብትጨርሱት ክሬም ከሚሠራላችሁ በላይ ይሠራላችኋል።

ቀጥሎ ልብስ ነው፣ ክሬም ሦስተኛ ነው። ጨርቁን ወደ መስኮት ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት፤ ከጀርባው ያለ ነገር የሚታይ ከሆነ ጨረሩም ያልፋል። ነጭ ስስ ቲሸርት፣ ነጠላና ያረጀ አቡጀዲ ብዙ ያሳልፋሉ፣ በላብ ሲርሱ ደግሞ ይብስባቸዋል። ካኪ፣ ጂንስና ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥጥ ጥሩ ናቸው። ባርኔጣው ዙሪያውን ቢያንስ 7 ሳንቲሜትር ተኩል ክንፍ ይኑረው። ኬፕ ግንባርን እንጂ ጆሮና ማጅራትን አያድንም፤ ጎንበስ ብሎ የሚኮተኩት ሰው ደግሞ ፀሐይ የምታገኘው በትክክል ማጅራቱን ነው። የሰሌን ባርኔጣ ከሆነ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ፣ በቀዳዳው ነጠብጣብ ብርሃን ፊት ላይ የሚጥለው ለጌጥ ካልሆነ አይረባም።

ወደ ክሬሙ ስንመጣ፣ አዎ፣ ጥቁር ቆዳም ያስፈልገዋል። በጣም ጥቁር ቆዳ ያለው የተፈጥሮ መከላከያ ከኤስፒኤፍ (የፀሐይ ክሬም የመከላከል አቅም መለኪያ) 13 ጋር ይቀራረባል ተብሎ ተለክቷል፤ ጠይም ከሆነ ከዚያም ያንሳል። የቆዳ ካንሰር ስጋታችን ዝቅተኛ ቢሆንም መቃጠሉ፣ መላጡና ማድያቱ አይቀሩልንም። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ግን ይህ ጥቂት መከላከያም ስለሌለው ለእሱ ካንሰሩም እውነተኛ ስጋት ነው። ጓሮ የሚሠራ ከሆነ ጠዋትና ማታ ብቻ ይሥራ።

ስትገዙ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑንና «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል መኖሩን እዩ፤ ኤስፒኤፍ የሚለካው አቃጣዩን ጨረር ብቻ ነው፣ የሚያጠቁረውን የሚይዘው ይኼኛው ነው። 30 ከአቃጣዩ ጨረር 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ይይዛል። የሰው ስህተት በአብዛኛው ከቁጥሩ ሳይሆን ከመጠኑ ነው። ሙከራው የሚደረገው በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ሲሆን ብዙ ሰው የሚቀባው ግን የዚህን ግማሽ ወይም ሩብ ነው። ለፊት፣ ለአንገት፣ ለጆሮና ለእጅ ጀርባ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት ቀቡት፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፣ ላብ ከጠረጋችሁ ደግሞ ወዲያውኑ። ሂሳቡን ብትሠሩት 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ቅዳሜና እሁድ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚቀባ አንድ ሰው ሦስተኛውን ሳምንት አይጨርስም። አንዱ ቱቦ ስድስት ወር ከከረመ የተቀባው ቆዳ አይደለም ማለት ነው።

ለእናትህ አንድ ልዩ ነገር አለ። ማድያትን ከአልትራቫዮሌት ሌላ የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል፣ ተራው ክሬም ደግሞ እሱን አያግድም። የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበት ክሬም ይሻላታል፤ ነጭ ሆኖ የመታየቱን ችግርም በዚያው ይፈታል። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪንና ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳሉ፣ ፀሐይ ግን አይከላከሉም።

ሳልረሳው፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ቆዳው ከወትሮው ቶሎ ይቃጠላል። መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፤ ሰዓቱን ይቀይር፣ ይሸፈን።

ዕፅ ሱሉልታ

ሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ እዚያው በዘረዘርከው ውስጥ አለ፤ ጤና አዳሙ ነው። ሴሌሪውና ሎሚዋም አጋር ሊሆኑት ይችላሉ።

ጤና አዳም ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ ብቻውን ሲያርፍ ምንም አይሰማም፤ ለዚህም ነው ሰው የማይጠረጥረው። ፀሐይ ሲያገኘው ግን ንጥረ ነገሩ በጨረሩ ኃይል ከቆዳው ህዋስ ዘረ መል ጋር ይጣበቅና ህዋሱን ይጎዳዋል። ውጤቱ ቃጠሎ ነው። ምልክቱ ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል። ቅርጹም ይመሰክራል፤ ቅርንጫፉ ክንድ ላይ የተጎተተበትን መንገድ ተከትሎ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ፈሳሹ የተንጠባጠበበት ቦታ ክብ ነጠብጣብ ይሆናል። አለርጂ ስላልሆነ «እኔ አይነካኝም» የሚል ሰው የለም፤ በቂ ፈሳሽና በቂ ፀሐይ ከተገናኙ ማንም ይቃጠላል። ላብ ያረጠበው ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይመጠዋል።

በሎሚ ላይ ከጭማቂው ይልቅ ልጣጩ ነው ብዙ ያለው። የበለስ ዛፍ ወተትና የካሮት ቅጠልም ከዚሁ ወገን ናቸው፣ ካሮቱ ግን ደካማ ነው። ብዙ ቅጠል በጅምላ ካልነቀላችሁ አያስጨንቅም።

አከራከሙን እንዲህ አድርጉት። ጤና አዳም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ይቆረጥ። እስከ አንጓ የሚደርስ እጅጌና ፈሳሽ የማያሳልፍ ጓንት ይለበስ፣ ጓንቱ በእጅጌው ላይ ይደረብ። ቁጥቋጦውን በእጅ ጨብጦ ከመሰባበር በመቀስ እየቆረጡ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት መጣል ይሻላል። በሣር ማጨጃ ማሽን በላዩ መሄድ አደገኛ ነው፤ ፈሳሹን እንደ ካፊያ እግርና ፊት ላይ ይረጨዋል። ከጨረሳችሁ በኋላ ሳትቀመጡ ክንድን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ መቀሱንም እጠቡት፣ ልብሱ ወደ እጥበት ይሂድ። ፈሳሽ ነክቶኛል የሚል ሰው ያን ቦታ ለሁለት ቀን በልብስ ይሸፍነው። ለቡና አንድ ዘለላ መቀንጠስ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ጣትን መታጠብ ብቻ ነው። ሕፃናት ግን ቅጠሉን እያሹ ሲጫወቱ ቆይተው ፊታቸውን ስለሚነኩ ቁጥቋጦው ከመጫወቻቸው ርቆ ቢተከል ደግ ነው።

ሳማን ስላነሳህ፣ የእኛው ሳማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዝርያ ነው። ፀጉሩ ጫፉ እንደ መስታወት ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ እንደ መርፌ ይወጋል፣ የሚያቆስለውን ፈሳሽም ይጨምራል። ሲነካችሁ አትሹት፤ መፈተጉ የቀሩትን ፀጉሮች ወደ ውስጥ ይነዳቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በቁስል ፕላስተር ወይም በስኮች እየለጠፋችሁ አንሱት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡ። በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል።

ከሁሉም የምፈራላችሁ ግን ቁልቋሉን ነው። ነጭ ወተቱ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ የዓይንን መስተዋት ጎድቶ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ስትቆርጡ የሚሸፍን መነጽር አድርጉ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ከሥሩ ቆማችሁ አትቁረጡ፣ ነፋስ በጀርባችሁ ይሁን። በቆሸሸ ጓንት ላብ መጥረግ ነው ብዙውን ጊዜ ወተቱን ዓይን ውስጥ የሚከተው። ከገባ ሳታሹ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ አፍስሱበትና በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ሂዱ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚብስ «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ መቅረት የለም። ቆዳ ላይ ደርቆ የተጣበቀውን መጀመሪያ በዘይት አለስልሱት፣ ከዚያ በሳሙና አስለቅቁት። ሥራው ሲጀመር ባልዲ ንጹሕ ውሃና ሳሙና አጥሩ ሥር ይቀመጥ፤ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ቧንቧ ፍለጋ መሮጥ የለበትም።

የቤት መላ

ለጠቆረው ቦታ ሎሚ ከማር ጋር አሽታችሁ ቀቡት፣ ያነጣዋል። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

ዕፅ ሱሉልታ

አደራ፣ ይህን አታድርጉ። ከላይ የጻፍኩት የሎሚ ቃጠሎ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሎሚ የተቀባ ፊት ይዞ ፀሐይ መውጣት ማድያቱ ላይ ሌላ ጥቁረት መጨመር ነው። ማሩ ጉዳት የለውም፣ ሎሚው ግን ለሻይና ለሰላጣ ይቅር።

ጤና ኤክስቴንሽን ቡራዩ

አራተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ዝም አትበሉት፣ ለብርድ ብቻ ብላችሁም አታስቡት።

በአገራችን ደጋ፣ በተለይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠሩ ሰዎች የእግር ዝሆኔ ይይዛቸዋል። ይህኛው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፈው ትል ያመጣው አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይሄድም። በጣም ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ዘልቀው ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ መተላለፊያ ያስቆጣሉ፣ ያጠቡታል፣ በመጨረሻም ይዘጉታል። ምንጩ አፈር መሆኑን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አስረድቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ሰጥቶታል። የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባሉና ብዙ ዝናብ በሚያገኙ አካባቢዎች ነው። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል ተብሎ ይገመታል። በዘር የተጋላጭነት ድርሻም ስላለ አንድ ጎረቤት ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ሠርቶ ምንም ስላልሆነ ሌላው አይነካም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያ ምልክቶቹ ቀላል ስለሚመስሉ ይታለፋሉ፤ የእግር ጣቶች አካባቢና ጀርባው ያሳክካል፣ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ቀን አብጦ ሌሊት ይጎድላል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተያዘ ይመለሳል። ቆይቶ ሲደድር ግን መመለሱ ይከብዳል። በየቀኑ እግር መታጠብ፣ ቅባትና ፋሻ ግን ያኔም ይረዳሉ፣ ሰው ሥራውን መሥራት እንዲችል ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ አትሽሹት፤ ብዙዎቹን ከበሽታው በላይ የጎዳቸው መገለሉ ነው።

ጓሯችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ የዚህ ስጋት ያንሳል፣ ሆለታና እንጦጦ አካባቢ እንዳለው ቀይ ከሆነ ግን ይጨምራል። በሁለቱም አፈር ግን አንድ የማይለወጥ ነገር አለ፤ የቲታነስ ዘር። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተዋሲያን አፈርና ፍግ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ በሚስማር፣ በእሾህ ወይም በዶማ ጫፍ ጠልቆ ይገባል። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ከሰፊው የባሰ ነው፤ አየር ስለማይደርሰው ተዋሲያኑ ይመቸዋል። የተወጋ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ደህና አድርጎ ይጠብና ጤና ጣቢያ ይሂድ። የመጨረሻ ክትባቱ 5 ዓመት ካለፈው፣ ወይም መቼ እንደተከተበ ካላስታወሰ፣ ለቆሸሸ ቁስል ክትባት ያስፈልገዋል። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ስለሚከተቡ ይሻላሉ፤ ቆፋሪው ወንድ ነው ብዙ ጊዜ ያለ ክትባት የሚቀረው።

ስለ ቦቲው ልጁ እውነት አለው። ሰፊ ቦቲ መረሬ ሲለጠፍበት ድርብ ክብደት ይሆናል፣ ውስጡም እግር ያልባል። ለቁፋሮ ወፍራም ሶል ያለው፣ ጣትና ተረከዝ የሚሸፍን አጭር ጫማ በካልሲ ይበቃል፤ ቦቲ ለውሃና ለጭቃ ቀን ይቆይ። ራሱ ለክቶ እንዲመርጥ ይዛችሁት ሂዱ። ማታ እግሩን በሳሙና፣ በጣቶች መካከል ጭምር፣ ታጥቦ በደንብ ያድርቅ። ቫዝሊን ከላይና ተረከዝ ላይ ይቀባ፤ ጣቶች መካከል አይቀባ፣ እርጥበት እዚያ ከተያዘ ፈንገስ ይፈላል።

የእርሻ ባለሙያ ሆለታ

ጓንትን በተመለከተ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ጓንት የለም፤ ሦስት ዓይነት ይኑራችሁ። ለማረምና ለመትከል መዳፉ ጎማ የተነከረ ጨርቅ ጓንት ጥሩ ነው፤ ጀርባው ይተነፍሳል፣ ጣት አፈሩን ይሰማዋል። ለጽጌረዳ፣ ለቀጋና ለአጋም እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት። ለቁልቋል፣ ለጤና አዳምና ለኬሚካል ደግሞ ወፈር ያለ ረጅም ናይትሪል (ፈሳሽ የማያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት። የቆዳና የጨርቅ ጓንት ፈሳሽ ይመጥጣሉ፤ መርዝ ከጠጡ በኋላ ቢታጠቡም ሙሉ በሙሉ አይለቃቸውም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እጅ ላይ ያስተላልፋሉ። የሐኪም ቤቱ ስስ ጓንት ለጓሮ አይሆንም፣ አንድ ቆንጥር ይቀደዋል፣ መቀደዱም አይታወቅም።

መርዝ የሚረጭ ሰው ከመርጨቱ ይልቅ የሚጎዳው ሲበጠብጥ ነው፤ ያኔ ያልቀጠነው ፈሳሽ ነው እጁ ላይ ያለው። ጓንቱና መነጽሩ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ይደረጉ። እጅ ወደ ታች ሆኖ የሚረጭ ከሆነ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይውረድ፤ ወደ ዛፍ፣ ወደ ላይ የሚረጭ ከሆነ ጓንቱ በእጅጌው ላይ ይደረብና አፉ ይታጠፍ። አለበለዚያ ፈሳሹ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ሲጨርስ ጓንቱ እጁ ላይ እንዳለ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ይውለቅ። ልብሱ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ። የሚያፈስ የጀርባ መርጫ ዝም ብሎ መሸከም ሰውነትን በመርዝ መንከር ነው፣ ከመሙላታችሁ በፊት በባዶ ውሃ ሞክሩት።

አመድን ብዙ ሰው ንጹሕ ስለሆነ አይፈራውም። የእንጨት አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጠንካራ አልካሊ ይሆናል፣ የተሰነጠቀ እጅን ይበላል። በደረቅ እጅና በጓንት፣ ነፋስን ከኋላ አድርጋችሁ በትኑት። ዩሪያም የእጅን እርጥበት ስለሚስብ በጣሳ ወይም በማንኪያ ይበተን።

የእጅ መሰንጠቅ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚብሰው አየሩ ደረቅ ስለሆነና ሸክላ አፈር የቆዳውን ቅባት ስለሚመጠው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው ግን ከሥራ በኋላ ያለው እጥበት ነው። ጭቃውን ለማስለቀቅ ኦሞ ወይም በረኪና መጠቀም የቀረውን ቅባት ጠርጎ ይወስደዋል። ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ጥፍር ሥር አፈር እንዳይገባ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍራችሁን ደረቅ ሳሙና ላይ ቧጥጡት፤ ክፍተቱን ሳሙናው ይይዘዋል፣ ስትታጠቡ አብሮ ይወጣል፣ በብሩሽ መፈተግም አይኖርም። እጅ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን ወይም በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ቀቡ፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ቢቀባ የሚይዘው እርጥበት የለም። ስንጥቁ ከደማ ማታ ቫዝሊኑን ወፈር አድርጋችሁ በጥጥ ካልሲ ሸፍናችሁ እደሩ። ጓንት ውስጥ እጅ ካላበው በየግማሽ ሰዓቱ አውልቁት፤ ውስጡ የራሰ ጓንት ቆዳውን አሳብጦ ለመላጥ ያመቻቸዋል።

የዶማ እጀታውንም በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። መዳፍ ውሃ የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ሲሻክር ወይም ራሱ ላልቶ ሲነቃነቅ ነው።

የለገጣፎ ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ላስከትል። አሁን ክንድ ላይ ውሃ የቋጠረው ይፈንዳ? ጥቁረቱስ ስንት ጊዜ ይቆያል? ለእናቴ ማድያት ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ማንጫ ክሬም ይሞከር ይላሉ።

ፋርማሲስቷ ከአያት

አታፍነዱት። የቋጠረው ቆዳ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ ክዳን ነው። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ አኑሩበት። በራሱ ከፈነዳ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ቫዝሊን ይቀባና በንጹሕ ጎዝ ይሸፈን፣ የላላው ቆዳ አይላጥ። የጥርስ ሳሙናና ቅቤ አይደረግበት። ፊት ላይ ከሆነ፣ ሙሉ ክንድ ከያዘ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ጤና ጣቢያ ይታይ። ጥቁረቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል፣ ይለቃል። ፀሐይ እያገኘው ከቆየ ግን ይራዘማል፣ በእጅጌ ይሸፈን።

ማንጫውን በፍጹም አትሞክሩ። ምን እንደያዘ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ክሬም ብርቱ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱን ያቀላዋል፣ ስለዚህ የሠራ ይመስላል። ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲቆም ደግሞ ጥቁረቱ ብሶ ይመለሳል። የሳሳ ቆዳ ይዛ ጓሮ ብትወጣ ፀሐዩ በእጥፍ ነው የሚጎዳት። የቆዳ ሐኪም ትያት፤ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄድ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የወሊድ መከላከያ ካለም እሱን ጨምራ፣ ይዛ ትሂድ። ሆርሞን ማድያትን ስለሚያስነሳ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው። የማቅለያ ቅባት ከታዘዘላት በአብዛኛው ማታ ማታ ነው የሚቀባው፣ በማግስቱ ጠዋት የፀሐይ ክሬሙን ካልደረበች የማታው ድካም በፀሐይ ይታጠባል።